የፖለቲካ ሹመት አምባሳደርን ከአራት ኪሎ ሆኖ መመርመር፦ ነጻ የሰነድ አገልግሎቶቹ ሲመዘኑ

በአራት ኪሎና በካዛንቺስ ካፌዎች ስለ አሜሪካ አምባሳደሮች የሚወራው ብዙ ነው። አንዱ ለምርጫ ዘመቻ ገንዘብ ስላዋጣ ተሾመ ይባላል፤ ሌላው ኤምባሲውን አምሶት ሄደ ይባላል፤ ሦስተኛው ሹመቱን ለሴኔት ወይም ለገዥነት መወጣጫ አደረገው ይባላል። ወሬውን በማስረጃ ማጣራት ለሚፈልግ ጋዜጠኛ፣ ተማሪ ወይም ተመራማሪ ክፍያ የማይጠይቁ የሰነድ አገልግሎቶች አሉ። ሁሉም ከአዲስ አበባ በስልክም በኮምፒውተርም ይከፈታሉ። እዚህ የሚመዘኑት እነሱ ናቸው፤ የሚመዘኑበት ጥያቄም አንድ ነው። ሙያተኛ ዲፕሎማት ሳይሆን ከፖለቲካው ሰፈር የመጣ አምባሳደር ምን ሠራ፣ ምን አጠፋ፣ ከዚያስ ወዴት ሄደ ለሚለው ምን ያህል መልስ ይሰጣሉ?

ፍርዱን አስቀድሞ ለመናገር፣ ከሁሉም የሚበልጠው የስቴት ዲፓርትመንት፣ ማለትም የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ የታሪክ ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ነው፤ አድራሻው ሂስቶሪ ዶት ስቴት ዶት ጎቭ። ከ1861 ጀምሮ የሚታተመው የአሜሪካ የውጭ ግንኙነት ሰነዶች ስብስብ፣ በምህጻሩ ፍሩስ የሚባለው፣ እዚያው ላይ ተቀምጧል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ለ1950ዎቹ፣ ለ60ዎቹና ለ70ዎቹ አምባሳደሮች የሚወዳደረው የለም። ለቅርቡ ዘመን ግን ባዶ ነው። በ1991 የወጣው ሕግ ሰነዶቹ ቢዘገዩ በ30 ዓመት ውስጥ እንዲታተሙ ያዛል፤ ምስጢር የማንሳቱ ሥራ ስለሚጓተት በተግባር ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ ለአሁኖቹ አምባሳደሮች ወደ ሌሎቹ አገልግሎቶች መሄድ ግድ ነው፤ እነሱ ደግሞ የየራሳቸው ወጥመድ አላቸው።

ሥራው ከዝርዝሩ ይጀመር። በድረ ገጹ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ታሪክ በሚለው ሥር የሚሲዮን መሪዎች በሀገር ተከፋፍለው ተዘርዝረዋል። ኢትዮጵያን ስትከፍቱ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ የመጡት ሁሉ በቅደም ተከተል ይወጣሉ። አንዱን ስም ስትነኩ የመጣበት ግዛት፣ ሙያተኛ ዲፕሎማት ነው ወይስ አይደለም የሚለው፣ የተሾመበት ቀን፣ የሹመት ደብዳቤውን ያቀረበበት ቀንና ሥራውን የለቀቀበት ቀን ይታያል። የፖለቲካ ተሿሚ መሆን አለመሆኑ የሚለየው እዚህ ነው። ከ1953 እስከ 1957 አዲስ አበባ የቆዩት ጆሴፍ ሲመንሰን የሉተራን ቄስ ነበሩ። ከ1963 እስከ 1967 የነበሩት ኤድዋርድ ኮሪ ጋዜጠኛ ነበሩ። ከ1971 እስከ 1974 የነበሩት ሮስ አዴር ደግሞ ከኢንዲያና የተመረጡ የሪፐብሊካን የምክር ቤት አባል ነበሩ፤ በ1970 ምርጫ ወንበራቸውን አጥተው ሳለ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ወደ አዲስ አበባ ላኳቸው። ሦስቱም በየመካከላቸው ከነበሩት ሙያተኞች የሚለዩት በዚያች አንዲት መስመር ነው።

ከዝርዝሩ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ነገር የቀኖቹ ክፍተት ነው። አንዱ የለቀቀበትንና ተከታዩ የሹመት ደብዳቤ ያቀረበበትን ቀን ጎን ለጎን አድርጉ። አዴር የለቀቁት በፌብሩዋሪ 1974 ነው፤ ማለትም አብዮቱ በፈነዳበት በየካቲት 1966 ዓ.ም.። ተከታያቸው አርተር ሀመል የመጡት በ1975 ነው። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ በአዲስ አበባ የአሜሪካ አምባሳደር አልነበረም ማለት ነው፤ ኤምባሲውን የያዙት በጉዳይ ፈጻሚነት ፓርከር ዋይማን ነበሩ። ስለዚያ ዘመን የአሜሪካ ፖሊሲ የሚጽፍ ሰው ይህን ካላየ ያልነበረን አምባሳደር ሊወቅስ ወይም ሊያመሰግን ይችላል። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ የፖለቲካ ተሿሚ ሲሄድ ተተኪው ቶሎ አለመምጣቱ ራሱ የሹመቱ ሥርዓት ዋጋ ነው።

ወደ ሰነዶቹ ስንገባ ትክክለኛውን ጥራዝ መምረጥ ይቀድማል። ለኢትዮጵያ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦ ለ1961–63 ጥራዝ 21፣ ለ1964–68 ጥራዝ 24፣ ለ1969–72 ኢ-5 ክፍል 1፣ ለ1973–76 ኢ-6፣ ለ1977–80 ደግሞ የአፍሪካ ቀንድን የያዘው ጥራዝ 17 ክፍል 1። በድረ ገጹ የፍለጋ ሳጥን ላይ ኢትዮጵያ ብሎ መጻፍ አይመከርም፤ ከመቶ ዓመት በላይ የተከማቸ ሰነድ ተደባልቆ ይመጣል። ጥራዙን ክፈቱ፣ ማውጫው ላይ የኢትዮጵያን ምዕራፍ አግኙ፣ ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምራችሁ በተራ አንብቡ። ከማውጫው በፊት ያሉትን የምህጻረ ቃላትና የሰዎች ዝርዝር ገጾች አትዝለሏቸው። ቴሌግራሞቹ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት፣ ጃንሆይን፣ ደርግን ሁሉ በሁለትና በሦስት ፊደል እያሳጠሩ ስለሚጠሯቸው ያለ ዝርዝሩ ማን ማንን እንዳለ አይለይም።

የጥራዝ 24ን ብቃት በኮሪ ዘመን መፈተን ይቻላል። የሶማሊያ ጦር በሶቪየት ኅብረት መታጠቅ ያመጣው ስጋት፣ የኤፍ 5 ተዋጊ ጄት ጥያቄ፣ የአሜሪካ ወታደራዊ የመገናኛ ጣቢያ የነበረው የአስመራው ቃኘው ጉዳይ፣ ሁሉም በአንድ ምዕራፍ ተሰድረዋል። የቃኘው ስምምነት በ1953 ለ25 ዓመት የተፈረመ ስለነበር አዲስ አበባ መሣሪያ ስትጠይቅ ዋሽንግተን ጣቢያውን እያሰበች ትመልሳለች፤ ድርድሩ በተከታታይ ሰነዶች ሲነበብ ይህ ግልጽ ብሎ ይታያል። ኮሪ ከአዲስ አበባ ሆነው ከአንድ ሀገር በላይ አስበዋል። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1966 የአፍሪካ እርዳታ ፖሊሲ እንዲከለስ ሲያዙ ጥናቱን የመሩት እሳቸው ናቸው። የኮሪ ሪፖርት በመባል የሚታወቀው ያ ጥናት አሜሪካ በቀጥታ የምትረዳቸውን ሀገሮች ቁጥር ቀንሳ ለቀሩት በአካባቢያዊና በዓለም አቀፍ ተቋማት በኩል እንድትሰጥ መክሯል። የፖለቲካ ተሿሚ ሁሉ ባዶ እጁን ይመጣል ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ነው፤ ለዋይት ሀውስ ያላቸው ቅርበት ሙያተኛው የማያገኘውን ጆሮ ሰጥቷቸዋል።

እዚህ ላይ ትልቁ ወጥመድ ይመጣል። ከኤምባሲ የሚወጣ ቴሌግራም ሁሉ ከግርጌው የአምባሳደሩን ስም ይይዛል። ያ ስም ጸሐፊውን አያመለክትም። ቪዛ ክፍሉም፣ የኢኮኖሚ ክፍሉም፣ ወታደራዊ አታሼውን የሚያማክረው መኮንንም የጻፈው በአምባሳደሩ ስም ይወጣል፤ አምባሳደሩ ከሀገር ሲወጣ ደግሞ የጉዳይ ፈጻሚው ስም ይተካል። ስለዚህ ከግርጌ ኮሪ የሚል ስላየ ብቻ ኮሪ እንዲህ አሉ ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። መለያው ሁለት ነው። አንደኛ፣ በአንደኛ መደብ የተጻፈና ከንጉሡ ወይም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር የተደረገን ውይይት የሚዘግብ ቴሌግራም አብዛኛውን ጊዜ የአምባሳደሩ የራሱ ነው። ሁለተኛ፣ በፍሩስ ከእያንዳንዱ ሰነድ ሥር ያለው የምንጭ ማስታወሻ አንዳንዴ ማን እንዳረቀቀው፣ ማን እንዳጸደቀው ይናገራል። ማስታወሻው በትንሽ ፊደል ስለሆነ በስልክ ላይ ይታለፋል፤ መታለፍ ግን የለበትም። በቅንፍ ገብቶ ይህን ያህል መስመር ምስጢርነቱ አልተነሳም የሚለውም እንዲሁ መረጃ ነው። የተቆረጠው አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት ገጽ የሚለው ይለያያል፤ ስትጠቅሱ መቆረጡን አብራችሁ ጻፉ።

የኮሪን ታሪክ እስከ መጨረሻው መከተል የዚህን አገልግሎት ጥንካሬም ድክመትም ያሳያል። ከአዲስ አበባ ወደ ቺሊ ተዛውረው ከ1967 እስከ 1971 ሳንቲያጎ ቆዩ። በሴፕቴምበር 1970 ሶሻሊስቱ ሳልቫዶር አየንዴ የፕሬዚዳንት ምርጫውን ሲመሩ የላኳቸው ቴሌግራሞች ቁጣና ተስፋ መቁረጥ የተሞሉ ናቸው፤ አየንዴ ሥልጣን እንዳይዙ በፖለቲካ መንገድ ለመከላከል መሞከራቸውም አይካድም። ነገር ግን ኒክሰን በሴፕቴምበር 15 ለሲአይኤ የሰጡትን፣ መፈንቅለ መንግሥት የማስነሳቱን ምስጢራዊ ትእዛዝ አልተነገራቸውም። የጦር አዛዡ ጄኔራል ሽናይደር ኦክቶበር 22 ቀን ተተኩሶባቸው ከሦስት ቀን በኋላ ሞቱ። አምባሳደሩ እንዳያውቁት መደረጉን የስለላ ድርጅቶችን የመረመረው የሴኔቱ የቸርች ኮሚቴ በ1975 አረጋግጧል፤ ኒው ዮርክ ታይምስም በ1981 በፊት ገጹ ረጅም ዘገባ አውጥቶ የኮሪን ስም አጠራ። የቺሊው የፍሩስ ጥራዝ የወጣው በ2014 ነው፤ ኮሪ ያረፉት ግን በ2003። ስለዚህ የአምባሳደሩን ቴሌግራም ብቻ ያነበበ ሰው በዚያው ከተማ በዚያው ሳምንት ምን እንደተሠራ አያውቅም። የሳንቲያጎውን ታሪክ ለመረዳት የዋይት ሀውስና የሲአይኤ ሰነዶች የሚገኙበትን የ1969–76 ጥራዝ 21ን ከቴሌግራሞቹ ጋር በቀን በቀን አገናኝቶ ማንበብ ያስፈልጋል።

ስለ ፋይሉ አያያዝ ጥቂት። ጥራዞቹ ሙሉ በሙሉ ኢፐብ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል በነጻ ይወርዳሉ። ይህ ለአዲስ አበባ አንባቢ ትልቅ ነገር ነው፤ ዋይፋይ ባለበት አንዴ አውርዶ ኔትወርክ በሌለበት ታክሲ ውስጥም ማንበብ ይቻላል። አራት ኪሎ ፓርላማው አጠገብ ያለው፣ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚመች ቦታ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ለማሳተም ግን ኢፐቡ አይሆንም፤ አብዛኛው ኮምፒውተር አይከፍተውም፣ ሲከፍተውም የገጽ ቁጥሩ በየስክሪኑ ይለዋወጣል። የምትፈልጉትን አንድ ሰነድ በድረ ገጹ ላይ ለብቻው ክፈቱት፣ ከፕሪንት ትእዛዙ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ፍላሽ ላይ ጫኑት። ስትጠቅሱም የገጽ ቁጥር ትታችሁ የጥራዙንና የሰነዱን ቁጥር ስጡ፤ እሱ አይለወጥም።

የአዴርን የመጨረሻ ወራት የሚፈልግ ሰው ወደ ሁለተኛው አገልግሎት ይለፍ። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ኤ ኤ ዲ የሚባል የመረጃ ቋት አለው፤ ከጁላይ 1973 እስከ 1979 መጨረሻ የተላኩ የስቴት ዲፓርትመንት ቴሌግራሞች እዚያ ላይ በቀጥታ ይፈለጋሉ። ፍሩስ በባለሙያ የተመረጠ ነው፤ ይሄ ግን ምስጢርነቱ የተነሳውን ጅምላውን ያቀርባል። ዓመቶቹ ለየብቻ ስለሚፈለጉ ለአዴር ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በ1973 አንዴ በ1974 መፈለግ አለበት። የአዴርን ስም ብቻ ብትጽፉ ከላይ በተነገረው ምክንያት ከአዲስ አበባ የወጣው ቴሌግራም ሁሉ ተግተልትሎ ይመጣል። የሚሠራው የከተማውን ስም ከጉዳዩ ጋር ማጣመር ነው፦ አዲስ አበባ ከድርቅ ጋር፣ አዲስ አበባ ከቃኘው ጋር፣ አዲስ አበባ ከተማሪዎች ጋር። የስም አጻጻፍ ዋነኛው ጣጣ ነው። ወሎን በድርብ ኤልም በአንድ ኤልም፣ በኦም በኤም ጽፈውታል፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩን የእንዳልካቸው መኮንንን ስም ደግሞ ቲ ጨምረውም ሳይጨምሩም። ሁሉንም አማራጭ ሳይሞክሩ የለም ማለት አይገባም። አንዳንዱ ውጤት ርእስ ብቻ ሆኖ ጽሑፍ አይኖረውም፤ ዋናው በወረቀት ተልኮ በማይክሮፊልም የቀረ ስለሆነ ነው እንጂ ድረ ገጹ ተበላሽቶ አይደለም።

ሰዓቱንም ማስላት ያስፈልጋል። ቴሌግራሙ ራስጌ ላይ ስድስት አኃዝና ዜድ ፊደል አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀኑን፣ የቀሩት አራቱ የግሪኒች ሰዓቱን ይናገራሉ። ወደ እኛ ሰዓት አቆጣጠር ለመቀየር 3 መቀነስ ነው፤ ውጤቱ ከ12 ካለፈ 12 ይቀነሳል፣ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 12 ይጨመራል። 0900 ዜድ ማለት አዲስ አበባ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፤ 1500 ዜድ ማለት ከምሽቱ 12 ሰዓት። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ነገሮች በሰዓታት ይለዋወጡ ስለነበር ኤምባሲው ጥዋት ያወቀውንና ማታ ያወቀውን የሚለየው ይህ ስሌት ነው።

ሦስተኛው አገልግሎት የዲፕሎማቶች የቃል ታሪክ ስብስብ ነው፤ ኤ ዲ ኤስ ቲ ይባላል። ጡረታ የወጡ ዲፕሎማቶች የሰጡትን ረጅም ቃለ ምልልስ በጽሑፍ ያስቀምጣል፤ ስለ ኢትዮጵያ የሚናገሩትን ክፍሎች ብቻ ለቅሞ በዘመን ቅደም ተከተል ያሰናዳው የሀገር መድበልም አለው። ፋይሉ ትልቅ ነው። መግቢያው ላይ ማን በምን ሥራ ከመቼ እስከ መቼ አዲስ አበባ እንደነበረ ተዘርዝሯል፤ የምትፈልጉትን አምባሳደር ዘመን ከዚያ ለዩና ቀጥታ ወደ ገጹ ሂዱ። ስለ አንድ አምባሳደር ጠባይ፣ ስብሰባ አመራር፣ ከንጉሡ ጋር ስላለው መግባባት ከዚህ የተሻለ ምንጭ የለም። ግን ተናጋሪዎቹ አብዛኞቹ ሙያተኞች መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። ከውጭ መጥቶ በላያቸው ስለተሾመ ሰው ሲናገሩ የሙያ ቅናት ሊኖርበት ይችላል፤ ደግሞም ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ የተነገረ ትዝታ ነው። አንድ ሰው ያለውን በሌላ ሰው ቃል ወይም በዘመኑ ቴሌግራም ሳያረጋግጡ ማተም አይገባም። ሙሉው ቃለ ምልልስ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽም ስለሚገኝ አንዱ እምቢ ሲል ሌላውን ሞክሩ።

ወደ ቅርብ ዘመን ስንመጣ በአምባሳደር ላይ የተነሳ ውዝግብን ለማጣራት የስቴት ዲፓርትመንት ዋና ኢንስፔክተር ሪፖርቶች ጠቃሚዎቹ ናቸው። ለዚህ ጎረቤታችን ናይሮቢ ጥሩ ማሳያ ናት። ጡረተኛው የአየር ኃይል ጄኔራል ስኮት ግሬሽን የፕሬዚዳንት ኦባማ ደጋፊ ነበሩ፤ የሱዳን ልዩ መልእክተኛ ሆነው ሠርተው በ2011 የኬንያ አምባሳደር ሆኑ፤ በ2012 ሥራቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት ኦገስት የወጣው የኢንስፔክተሩ ሪፖርት አመራራቸው ኤምባሲውን እንደከፋፈለ፣ የመሥሪያ ቤቱን መመሪያ እየተዉ ለዕለታዊ ሥራ የግል ኢሜይል እንደተጠቀሙ፣ የሠራተኛውን አመኔታ እንዳጡ በግልጽ ጽፏል። እንዲህ ያለ ነገር በወሬ ሳይሆን በመንግሥት ማኅተም ማግኘት ብርቅ ነው። ወጥመዱ ግን አለ፤ ሪፖርቶቹ አምባሳደሩ ይላሉ እንጂ ስሙን አይጠሩም። በስም ብትፈልጉ ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ። በኤምባሲው ከተማና በዓመቱ ፈልጉ፣ ሪፖርቱን ስትከፍቱም የበላይ አመራርን የሚገመግመውን ክፍል አስቀድሙ፤ የቀረው ስለ ጀነሬተር፣ ስለ መኪናና ስለ መጋዘን ሊሆን ይችላል።

ከሹመት በፊት ያለውን ለማወቅ የሴኔቱ መንገድ አለ። የ1980 የውጭ አገልግሎት ሕግ አምባሳደሮች በመደበኛው ከሙያተኞች መሆን እንዳለባቸው፣ ለዘመቻ የተሰጠ ገንዘብም ለሹመት ምክንያት መሆን እንደሌለበት ይደነግጋል። ሕጉ እንዲህ ቢልም ከሦስት አምባሳደር አንዱ ገደማ የፖለቲካ ተሿሚ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ዘልቋል። ሕጉ ተሿሚው ራሱና የቅርብ ቤተሰቡ ባለፉት አራት ዓመታት ያዋጡትን ገንዘብ ለሴኔቱ እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል። ዕጩው በሴኔቱ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የሚጠየቅበትን ችሎት ምስልና ቃለ ጉባኤም ማየት ያስፈልጋል። ጆርጅ ሱኒስ ለኖርዌይ ታጭተው በጃንዩዋሪ 2014 ችሎት ፊት ሲቀርቡ ኖርዌይ ንጉሥ እንዳላት ዘንግተው ስለ ፕሬዚዳንቷ ተናገሩ፤ ዕጩነታቸው ሳይጸድቅ ቀረ፤ በ2022 ግን የግሪክ አምባሳደር ሆነው ሄዱ። አንድ ችሎት የሰውን መንገድ ለዘለዓለም አይዘጋም ማለት ነው፤ ስለዚህ ስሙን በአንድ ዕጩነት ብቻ አትፈልጉ።

የገንዘቡን ነገር ከፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ድረ ገጽ በራስ ማጣራት ይቻላል፤ ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው በስሙ ይመዘገባል። እዚህም ስም ብቻ መፈለግ ያሳስታል። የአውሮፓ ኅብረት አምባሳደር የነበሩት የሆቴል ባለሀብቱ ጎርደን ሶንድላንድ ለፕሬዚዳንት ትራምፕ የበዓለ ሲመት ኮሚቴ 1 ሚሊዮን ዶላር የሰጡት በአራት ኩባንያዎች ስም ነው፤ በግል ስማቸው የፈለገ ያን ገንዘብ አያገኘውም። የበዓለ ሲመት ኮሚቴ ሪፖርትም ከዘመቻው ዝርዝር ተለይቶ ስለሚቀመጥ ለብቻው መከፈት አለበት። የሰውየውን ኩባንያዎች ስም አስቀድሞ መያዝ፣ የትዳር ጓደኛውን ስም መጨመር፣ ዓመቱን ከሹመቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ መጀመር ይረዳል።

ይኸው ድረ ገጽ ከሹመት በኋላ ለሚመጣው የፖለቲካ ምኞትም ያገለግላል። ለሴኔት ወይም ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ከ5,000 ዶላር በላይ ሲሰበስብ ወይም ሲያወጣ ዕጩነቱን የማስመዝገብ ግዴታ አለበት፤ ስለዚህ ሊወዳደር ነው የሚለው ወሬ እውነት መሆኑን ፎርሙ ያረጋግጣል። በቶኪዮ አምባሳደር የነበሩት ቢል ሃገርቲ በ2019 ለቀው በ2020 ከቴነሲ ለሴኔት ተመረጡ። በዴንማርክ የነበሩት ካርላ ሳንድስ በ2022 በፔንሲልቬንያ የሪፐብሊካን የሴኔት ቅድመ ምርጫ ተሸነፉ። የሁለቱም ሰነድ እዚያ አለ። በካናዳና በተባበሩት መንግሥታት የነበሩት ኬሊ ክራፍት ግን በ2023 የተወዳደሩት ለኬንታኪ ገዥነት ስለሆነ በፌዴራሉ ኮሚሽን ፈልጎ ማጣት አይደንቅም፤ የገዥነት ውድድር የሚመዘገበው በግዛቲቱ ነው። በ2018 በርሊን በገቡ በሳምንታት ውስጥ በአውሮፓ ያሉ ወግ አጥባቂዎችን ማበርታት እፈልጋለሁ ብለው የጀርመን ፖለቲከኞችን ያስቆጡት ሪቻርድ ግሬኔልም፣ ወደ ፊት ለካሊፎርኒያ ገዥነት ከቀረቡ የሚፈለጉት እዚያው ግዛት መዝገብ ላይ ይሆናል። ጀርመናዊው ፖለቲከኛ ማርቲን ሹልትስ ያኔ የቀኝ ጽንፈኛ ቅኝ ገዥ ሹም ይመስላል ብለው የተቹትን የመሰለ ንግግር በሰነድ ቋት አይገኝም፤ ለዚያ ጋዜጣ ማገላበጥ ነው።

በአሜሪካ ሰነድ የሚሠራ ሰው በተለይ ሊጠነቀቅ የሚገባው የእኛው ወገን ድምፅ እንዳይጠፋበት ነው። ሹመትን ለፖለቲካ መወጣጫ ማድረግ የአሜሪካኖች ብቻ አይደለም። ልጅ እንዳልካቸው መኮንን በለንደን አምባሳደር፣ ቀጥሎም በተባበሩት መንግሥታት ቋሚ መልእክተኛ ነበሩ። በ1971 ለድርጅቱ ዋና ጸሐፊነት ታጭተው ሳይሳካ ቀረ፤ የካቲት 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ሐምሌ 15 ቀን ተነሱ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተረሸኑት ስድሳዎቹ አንዱ ናቸው። ስለ ዋና ጸሐፊው ምርጫ የአሜሪካኖቹን ስሌት የሚፈልግ የ1969–72ን የተባበሩት መንግሥታት ጥራዝ፣ ማለትም ጥራዝ 5ን ይክፈት፤ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትርነታቸው ኢ-6ንና የቴሌግራሙን ቋት። ሰውየው ለአዲስ አበባ ሕዝብ ምን ብለው እንደተናገሩ ግን በእነዚህ ውስጥ አይገኝም፤ ያ ያለው በዘመኑ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ጥራዞች ላይ ነው።

ለዚህም ቀኑን መቀየር ይቀድማል። ከጃንዩዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 10 ላለው ከፈረንጁ ዓመት 8፣ ከሴፕቴምበር 11 እስከ ዲሴምበር 31 ላለው 7 ይቀነሳል፤ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ቀጥሎ የሚመጣው መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ነው። ጥራዙን ስትጠይቁ በወርና በዓመተ ምሕረት ጠይቁ፤ ጋዜጣው ክስተቱን የሚዘግበው ዘግይቶ ሊሆን ስለሚችል የሚቀጥለውን እትም ጨምራችሁ ያዙ።